እትዬ ምስሉ እና ጉንጩ ያበጠው ንጉሥ

ሐምሌ 11 ቀን፣ ሐሙስ። በዩኒቨርሲቲው የአካል ጉዳተኛ ተማሪዎች ድጋፍ ክፍል፣ በመስኮቱ በኩል ያለው ኮምፒውተር አንድ የጂኦግራፊ መጽሐፍ እንደከፈተ ቀርቷል። ከፎቶው ሥር ባለው ሳጥን ውስጥ እንዲህ ተጽፏል፦ «ምስሉ ወንዝ ዳር የቆሙ ሁለት ሰዎችን ያሳያል። አንደኛው የውሃውን ጥልቀት የሚለካበት ረጅም ዘንግ ይዟል። ሁለተኛው ደግሞ ምንም ሳይሠራ»። ከዚያ ወዲያ የለም። ሁለተኛው ሰውዬ ምንም ሳይሠራ ምን እንዳደረገ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

ይህን ስትጽፍ የነበረችው ሴት በማግስቱ ጠዋት ጫማዋን ልታስር ጎንበስ እንዳለች ልቧ ቆመ። ከበሽታ ጋር ትውውቅ አልነበራትም። ጉንፋን ሲይዛት እንኳ ሰው የላከባት ይመስል ትቆጣ ነበር።

ዩኒቨርሲቲው ሐዘኑን ለመግለጽ አልዘገየም። ከላይ ፎቶዋ፣ ከታች ጽሑፍ፣ ዳር ዳሩን ጥቁር መስመር ያለበት ያማረ ማስታወቂያ ተሠርቶ በዚያው ቀን ለተማሪዎቹ በስልክ ተላከ። ችግሩ ጽሑፉም የፎቶው አካል ሆኖ መሠራቱ ነው። ዓይነ ስውራኑ ተማሪዎች መልእክቱን ሲነኩት፣ ስልካቸው ውስጥ ጽሑፍ የሚያነብላቸው ድምፅ «ምስል» ብሎ ዝም አለ። ደግመው ነኩት። «ምስል»። እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥማቸው የሚያደርጉት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እንድትገልጽላቸው ወደ እሷ መልሰው ላኩት።

ስልኳ በታናሽ እህቷ እጅ ላይ ሲንጫጫ ዋለ። «እትዬ፣ ይቺ ምን እንደምትል ቢነግሩን?» «እትዬ፣ የማን ፎቶ ነው? ቢሮው ደግሞ ማንን ሸለመ?» ይላል። እህቷ የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነች፤ ያልተመለሰ ደብዳቤ ጠረጴዛዋ ላይ አድሮ አያውቅም። ለእያንዳንዳቸው ደውላ ምስሉ የሚያሳየውን ነገረቻቸው።

«እትዬ ምስሉ» እናትና አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም። ሥራዋ በመጻሕፍትና በመምህራን ማስታወሻዎች ውስጥ ያሉትን ሥዕሎች፣ ፎቶዎችና ሠንጠረዦች ማየት ለማይችሉ ተማሪዎች በቃላት መግለጽ ነበር። እሷ የጻፈችውን የኮምፒውተሩ ድምፅ ያነብላቸዋል። እያንዳንዱ መግለጫ «ምስሉ» ብሎ ስለሚጀምር፣ ተማሪዎቹ ቀኑን ሙሉ በጆሯቸው «ምስሉ… ምስሉ… ምስሉ…» ሲሰሙ ይውሉና በመጨረሻ ስሟ አደረጉት። እሷም ወደደችው። «ከእናቴ ስም አወጣጥ ይሻላል» ትል ነበር፤ እናቷ ግን ይህን ሳትሰማ ነው የሞተችው።

ከዚያ በፊት ሃያ ዓመት ያህል በፎቶ ቤት ሠርታለች። ሰው ታስቀምጣለች፣ «ቀና በል፣ አገጭ ዝቅ፣ እንዲህ ነው እንዴ ቤትህ የምትቀመጠው?» ትላለች። ከዚያም ፎቶው ሲወጣ በቀጭን ብሩሽ ብጉሩን፣ ጠባሳውን፣ አንዳንዴም ባለቤቱ ከለመነ የጎረቤት ልጅን ከዳር ታጠፋለች። ሁሉም ሰው ኪሱ ውስጥ ካሜራ ይዞ መዞር ሲጀምር ፎቶ ቤቱ ተዘጋ። እህቷ ዩኒቨርሲቲው ምስል የሚገልጽ ሰው እንደሚፈልግ ሰምታ ነገረቻት። ለፈተና የሰጧት ለትምህርት የተቀደደ እንቁራሪት ፎቶ ነበር። «ምስሉ በጀርባው የተንጋለለ እንቁራሪት ያሳያል። ሆዱ ተከፍቶ ጉበቱ፣ ልቡና አንጀቱ ይታያሉ። ፎቶ ለመነሳት የተስማማ አይመስልም» ብላ ጻፈች። ከሌሎቹ ተፈታኞች አንዱ «እንቁራሪት» ብሎ ብቻ ስለነበር እሷ ተቀጠረች።

የክፍሉ ኃላፊ ወጣት፣ ንጹሕና ጭንቀታም ሰው ነበር። ከየትም ከየትም ያሰባሰበው መመሪያ አለው፤ ተማሪዎቹም በሌለበት «መመሪያ» ይሉታል። ክፉ አልነበረም። የቢሮውን ስም በብሬል አስቀርጾ በሩ ላይ የለጠፈው እሱ ነው። ከዚያ ግን ብሬሉ እንዳይበላሽ ብሎ በመስታወት ሸፈነው። ከዓይነ ስውራኑ ተማሪዎች አንዷ ይህን ያወቀች ቀን በሩ ላይ ቆማ መስታወቱን በጥፍሯ ቀጭ ቀጭ አደረገችው።

«ይሄ ምንድነው?»

«መከላከያ ነው» አለ ኃላፊው። «አለዚያ ይቆሽሻል።»

«በምን ይቆሽሻል?»

«በእጅ ነዋ! መጪ ሂያጁ ሁሉ ሊነካው አይደል?»

ይቺ ተማሪ «ሚኒስትሯ» ትባላለች። አንድ ክፍል ስትገባ ነጭ በትሯን ከጎኗ አቁማ፣ ጉሮሮዋን ጠርጋ፣ መግለጫ የምትሰጥ ይመስል ስለምትናገር ነው። የታሪክ ተማሪ ነች፤ የመጨረሻ ዓመቷ ላይ ደርሳ ነበር።

በኃላፊውና በእትዬ ምስሉ መካከል ያለው ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው። መመሪያው እያንዳንዱ ምስል በሁለት ዓረፍተ ነገር ይገለጽ፣ ያዩት እንጂ የመሰላቸው አይጻፍ ይላል። እሷ ደግሞ ፊት አይታ ዝም ማለት የማትችል ሴት ነች። ፊት የሌለውንም ነገር እንደ ደንበኛ ነበር የምታየው። አንድ ቀን ስለ አንድ የኢኮኖሚክስ ሠንጠረዥ «መስመሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ መሐል ላይ ደክሞት ጋደም ይልና እንደገና ይነሳል» ብላ ጻፈች።

«እትዬ፣ መስመር እኮ አይደክመውም» አላት ኃላፊው።

«ና እየው እስቲ።»

መጥቶ አየው። መነጽሩን አውልቆ ጠርጎ እንደገና አየው። «ትንሽ… ዝቅ ብሏል።»

«ደክሞት ነው የኔ ልጅ።»

ተማሪዎቹ ይወዱት ነበር። የዩኒቨርሲቲው ዓመታዊ መጽሔት ሽፋን ላይ ያለውን ፎቶ «ምስሉ ሲያጨበጭቡ የሚታዩ ስምንት ኃላፊዎችን ያሳያል። ሰባቱ የሚያዩት ካሜራውን ነው፤ ስምንተኛው ሰዓቱን» ብላ የገለጸችው ግቢው ውስጥ ከአፍ አፍ ዞረ፤ የሚያዩትም ሳይቀሩ መጽሔቱን እየፈለጉ ተመለከቱት። ዞሮ ዞሮ ስምንተኛው ሰውዬ ጆሮ ደረሰ። ኃላፊው ተጠርቶ ተመከረ፤ እሱም መጥቶ መከራት። «እትዬ፣ ከዚህ በኋላ አንድ አስተያየት ጣል ያደረጉ እንደሆነ ውልዎን ማሳደስ አልችልም። ከእኔ አቅም በላይ ነው» አላት። ይህን ሲናገር ሚኒስትሯ ሁለት ወንበር አልፋ ጆሮ ማዳመጫዋን አድርጋ ተቀምጣ ነበር። ጆሮ ማዳመጫው ግን ምንም እያሰማ አልነበረም።

ጉዱ የፈላው በሰኔ ነው። አንድ አንጋፋ የታሪክ መምህር ስለ ጥንት ነገሥታት ያስተምራል፤ በማስታወሻው ውስጥ ከቆየ መጽሐፍ ፎቶ ኮፒ ያደረገው የአንድ ንጉሥ ሥዕል ነበር። እትዬ ምስሉ የዚህን ሥዕል መግለጫ የጻፈችው ምክሩ ከመምጣቱ ከወራት በፊት ነው፦ «ምስሉ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ያሳያል። ዘውድ ደፍቶ ሰይፍ ታጥቋል። የግራ ጉንጩ ክፉኛ አብጧል። ጥርሱን ሳያመው አልቀረም፤ በዚህ ሁኔታ ሰውን ሥዕል ተነሳ ብሎ ማስቀመጥ ግፍ ነው።»

የማጠቃለያው ፈተና «ከንጉሡ ሥዕል ተነስታችሁ ስለ ሥልጣኑ የተረዳችሁትን አብራሩ» አለ። ማየት የሚችሉት ተማሪዎች ስለ ዘውዱና ስለ ሰይፉ ጻፉ። አራቱ ዓይነ ስውራን ግን ጉንጩን ያዙ። አንዱ ንጉሡ ሕመሙን ሳይደብቅ መሣሉ ሕዝቡን እንደሚያምን ያሳያል አለ። አንዷ ቤተ መንግሥቱ ሐኪም አልነበረውም ብላ ደመደመች። ሌላው ሴራ አየ፤ ንጉሡን የመታው ሰው አለ ብሎ ጠረጠረ። ሚኒስትሯ ደግሞ «የጥርስ ሕመምና የዙፋን መዳከም» የሚል ርዕስ ሰጥታ ሦስት ገጽ ሞላች።

የታሪክ መምህሩ አራቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘርግቶ አያቸው። ባስተማረበት ዘመን ሁሉ ጉንጩ ያበጠ ንጉሥ አስተምሮ አያውቅም። አራቱም የተፈተኑት በአንድ ክፍል፣ በኮምፒውተር፣ ጆሮ ማዳመጫ አድርገው ነው። ለእሱ ነገሩ ፀሐይ የሞቀው ነበር፤ አንዱ ያልሆነ ነገር ፈጥሮ በጆሮ ማዳመጫው ለሌሎቹ አቀብሏል። ኩረጃ ነው ብሎ ጻፈ፤ አራቱም ዜሮ ይሰጣቸው ዘንድ ጠየቀ። ከየት አመጣችሁት ተብለው ሲጠየቁ አራቱም ከአንድ አፍ የወጣ ይመስል «አሰብነው» አሉ። ይሄ ደግሞ ነገሩን አባሰው።

ሦስቱ ኮርሱን በሚመጣው ዓመት ሊደግሙት ይችላሉ። ሚኒስትሯ ግን ተመራቂ ነች። አንድ ትምህርት ቤት የታሪክ አስተማሪነት ቦታ ይዞላት «ዲግሪሽን ይዘሽ ነይ» ብሏታል፤ በዚህ ክረምት ካልቀረበች ቦታው ለሌላ ይሰጣል። እንዲህ ያለ ቦታ ለማግኘት ስንት በር አንኳኩታ፣ ስንቱ «ጥቁር ሰሌዳ ላይ እንዴት ልትጽፊ ነው?» ብሎ እንደመለሳት እትዬ ምስሉ ታውቃለች።

የክሱ ደብዳቤ በመዝገብ ቤት በኩል አለፈ። እህቷ አንብባ ፋይል ውስጥ አስገባችው። የቢሮ ነገር ቤት ይዛ የገባችበት ቀን የለም፤ በዚህ ትኮራለች። ያን ቀን ማታ ለእራት ሲቀመጡ ግን ማንኪያዋን ይዛ ሾርባውን ዝም ብላ አየችው።

«ጨው በዛበት?» አለቻት እትዬ ምስሉ።

«አልበዛበትም።»

«ታዲያ ምን አደረገሽ ሾርባው?»

«የሥራ ነገር ነው። የሥራ ነገር ደግሞ እዚህ አይወራም።»

«እሺ፣ አይወራም።»

እህቷ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ለምን ጠየቅሽኝ ብለሽ ግን እንዳትጠይቂኝ።»

«ጠይቂ።»

«ጉንጩ ያበጠ ንጉሥ ታውቂያለሽ?»

«ግራ ጉንጩ?»

እህቷ ክው አለች። «እኔ ምንም አልነገርኩሽም!»

«ምንም አልነገርሽኝም። ምንድነው ያልነገርሽኝ?»

ያልነገረቻትን ሁሉ አንድ ሳታስቀር ዘከዘከችላት። ሾርባው ቀዘቀዘ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ምስሉ እሳት ጎርሳ፣ እሳት ለብሳ ግቢ ገባች። ሚኒስትሯ ከቤተ መጻሕፍቱ ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ተቀምጣ ነበር።

«እንዴት አደሩ እትዬ?»

«በምን አወቅሽኝ?»

«በጫማዎ። ሲቆጡ መሬቱን በተረከዝ ነው የሚመቱት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ይቆጣሉ ብዬ ነዋ።»

«ተቆጥቻለሁ እኮ!»

«ይኸው!»

እትዬ ምስሉ ከጎኗ ዘጭ ብላ ተቀመጠች። «ስሚ፣ የኔን እንጀራ ጠብቂልኝ ብሎ ማን ላከሽ? የአራት ዓመት ልፋትሽን ገደል ልትከቺ ነው?»

«ለእርስዎ ብዬ መሰለዎት? ለራሴ ብዬ ነው! እርስዎ ከወጡ ታናናሾቼ የሚወድቁት መመሪያ በምንለው ሰውዬ እጅ ላይ ነው። እርስዎ ያልገቡ ቀን እኮ የጉበት ሥዕል ገለጸልን።»

«ምን አለ?»

«"ጉበት" አለ። ቀጥሎ "ሌላ ጥያቄ አለ?" አለን።»

እትዬ ምስሉ ላለመሳቅ ብዙ ታገለች፤ አልሆነላትም። ስትጨርስ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችና ተነሳች። «ክሱ የሚታይበት ስብሰባ ዛሬ ከሆነ እኔም አለሁበት። ደግሞ አንድ ነገር ልንገርሽ፤ ያ ንጉሥ አብጧል። ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፊት ሳይ የኖርኩ ሴት፣ ያበጠና ያላበጠ ጉንጭ አይጠፋኝም። መጽሐፉን አስቀርቤ አሳያቸዋለሁ!»

ስብሰባው የተጠራው በፋኩልቲው ዲን ቢሮ፣ ረጅም ጠረጴዛ ባለበት ክፍል ነው። ዲኗ ራሷ ሰብሳቢ ነበረች፤ የተመራቂዎች ስም የሚዘጋው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ስለሆነ ሰዓቷን እያየች ነው የከፈተችው። የታሪክ መምህሩ የሻይ ብርጭቆውን ፊቱ አስቀምጦ፣ አንድ ትልቅ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ ታቅፎ ተቀምጧል። አራቱ ተማሪዎች በአንድ በኩል፣ ኃላፊው ከዳር። እትዬ ምስሉ ሳትጠራ ገባች።

«ጉንጩን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አለች፣ ገና ሳትቀመጥ። «ልጆቹ የጻፉት ከእኔ የሰሙትን ነው። አልተኮራረጁም፤ ሁሉም ከኔ ነው የቀዱት።»

ኃላፊው ዓይኑን ጨፈነ።

«እርስዎስ ከየት አመጡት?» አለ የታሪክ መምህሩ።

«ከፊቱ ላይ ነዋ! ያበጠ ፊት ነው። መጽሐፉን ይክፈቱና አብረን እንየው።»

መጽሐፉ ተከፈተ። ሥዕሉ ሙሉ ገጽ የያዘ፣ ጥርት ያለ ባለ ቀለም ነበር። እትዬ ምስሉ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች። ጉንጩ ለስላሳ ነው። ግራው እንደ ቀኙ፣ ቀኙ እንደ ግራው።

«ይሄ ሌላ ንጉሥ ነው» አለች።

«ያው ነው።»

«እንግዲያው ከዳነ በኋላ የተሣለ ነው።»

«የእኔ እመቤት፣ ከዚህ ሰውዬ የተረፈ ሥዕል ይሄ አንድ ብቻ ነው!»

በዚህ ጊዜ ኃላፊው ከፋይሉ ውስጥ አንድ ወረቀት አወጣ። እሷ መግለጫውን የጻፈችው ከዚህ ፎቶ ኮፒ ላይ ነው፤ ኃላፊው ማንኛውንም ወረቀት አይጥልም። ከመጽሐፉ ጎን አስቀመጡት። በወረቀቱ ላይ፣ እውነት ነው፣ የንጉሡ ግራ ጉንጭ ጠቁሮ ወደ ውጭ ተወጥሯል። እትዬ ምስሉ ግን አሁን ጣቷን በጥቁሩ ዳር አድርጋ ተከተለችው። ጥቁሩ ከጉንጩ ወጣ፣ በትከሻው በኩል ወረደ፣ ከሥዕሉ ክፈፍ አልፎ ጽሑፉ ውስጥ ገባ፣ ዞሮ ዞሮ ተመልሶ ጉንጩ ላይ መጣ። ክብ ነው። ሁሉም ቀስ ብለው ዓይናቸውን ወደ ታሪክ መምህሩ የሻይ ብርጭቆ አዞሩ። መምህሩም አዞረ። ብርጭቆውን አነሳው፤ ከሥሩ፣ ጠረጴዛው ላይ፣ ያንኑ የሚያህል ክብ እርጥብ ምልክት ተቀምጧል።

ዲኗ ሰዓቷን ማየት ረሳች።

«ምን ሆነ?» አለች ሚኒስትሯ። «ለምን ዝም አላችሁ? ሰው አይናገርም እንዴ? እትዬ፣ ይግለጹልን።»

እትዬ ምስሉ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ምስሉ አንድ ፎቶ ኮፒ ያሳያል። በንጉሡ ጉንጭ ላይ የሻይ ብርጭቆ ተቀምጦበት የነበረ ምልክት አለ። የታሪክ መምህሩ ብርጭቆውን ይዘዋል፤ ፊታቸው ቀልቷል።»

«ይሄ አስተያየት ነው!» አለ ኃላፊው፣ ልማድ ሆኖበት።

«አይደለም» አለች ዲኗ። «ቀልቷል።»

ሁሉም ሲስቅ እትዬ ምስሉ አልሳቀችም። ቆሌዋ ተገፎ ነበር። ሃያ ዓመት ከሰው ፊት ላይ እድፍ ስትፈቅ የኖረች ሴት፣ አንድ የሻይ እድፍ ንጉሥ ሆኖ ጥርሱን ሲያመው አየችው፤ አዘነችለትም። ወንበር ስባ ተቀመጠች። «ጥፋቱ የኔ ነው» አለች በዝቅተኛ ድምፅ። «ሌላውን እናንተ ተነጋገሩ።»

ኩረጃው ቀረ። ነገር ግን መምህሩ ብርጭቆውን ከመጽሐፉ ራቅ አድርጎ ካስቀመጠ በኋላ ሌላ ነገር አነሳ። «ኩረጃ አይደለም፤ እሺ። ግን በሌለ ጉንጭ ላይ ለተጻፈ ሦስት ገጽ ስንት ልስጥ? ሕሊናዬም አይፈቅድ። ይድገሙት።»

«ሦስቱ በሚቀጥለው ሳምንት ይደግማሉ» አለች ዲኗ። «የዚህች ልጅ ግን ዛሬ ነው የሚዘጋው። እዚሁ፣ በቃል፣ በትክክለኛው ሥዕል ይጠይቋት።»

«ማን ይገልጽላታል?»

ሁሉም እትዬ ምስሉን አዩ። ኃላፊው ጣቱን አነሳ። «በመመሪያው መሠረት! ሁለት ዓረፍተ ነገር። ያዩት ብቻ።»

እትዬ ምስሉ መጽሐፉን ወደ ራሷ ሳበች። በሕይወቷ እንዲህ ፈርታ ፊት አይታ አታውቅም። አፏን ከፈተች፣ ዘጋች፣ እንደገና ከፈተች። «ምስሉ ዙፋን ላይ የተቀመጠ ንጉሥ ያሳያል። ዘውድ ደፍቷል፤ ሰይፍ ታጥቋል።» ከንፈሯን ነከሰች። ከከንፈሯ ጀርባ የሚጋፋው ነገር ብዛት ከሩቅ ያስታውቅ ነበር።

«በቃ?» አለች ሚኒስትሯ።

«በቃ።»

«ጥያቄ መጠየቅ ይቻላል?»

መምህሩ ዲኗን አየ፤ ዲኗ ኃላፊውን አየች፤ ኃላፊው ስለ ጥያቄ መመሪያው ውስጥ ምንም እንደሌለ ተናዘዘ።

ሚኒስትሯ በትሯን ከጎኗ አቆመች፣ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ሰይፉ ከሰገባው ወጥቷል?»

«አልወጣም።»

«እጆቹ የት ናቸው?»

«የዙፋኑን ክንድ ይዘዋል።»

«ዝም ብለው ተቀምጠዋል ወይስ ጨብጠዋል?»

«ጨብጠዋል። ጣቶቹ ነጭ ሆነዋል።» ኃላፊው ሊናገር ሲል ዲኗ በእጇ አስቆመችው።

«እግሮቹስ?»

እትዬ ምስሉ ዝቅ ብላ አየች። «ከበርጩማ ላይ ናቸው።»

«ከበርጩማ? መሬት አይነኩም?»

«አይነኩም። በርጩማው ባይኖር ይንጠለጠሉ ነበር።»

ሚኒስትሯ የክፍሉ ግድግዳ እስኪሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ መግለጫዋን ሰጠች። «ዙፋኑ ለዚህ ሰው አልተሠራም። ከእሱ ለሚበልጥ ሰው ነው የተሠራው፤ ለአባቱ፣ ለወንድሙ፣ ወይም እሱ ራሱ ለገደለው ሰው። ስለዚህ ሥልጣኑ የተወረሰ ወይም የተወሰደ ነው። ሰይፉን አልመዘዘም፤ ግን ወንበሩን በሁለት እጁ ጨብጧል። የሚፈራው ጦርነቱን ሳይሆን መነሳቱን ነው።»

የታሪክ መምህሩ መጽሐፉን ወደ ራሱ ጎትቶ በርጩማውን አየ። «ወይም ደግሞ» አለ ቀስ ብሎ፣ «ሰውዬው አጭር ነው።»

«አጭር ከሆነ ለምን በልኩ አላሠራም? ንጉሥ አይደለም እንዴ?»

«የሚያሠራበት ጊዜ አላገኘ ይሆናል።»

«ጊዜ ካላገኘ ዘመኑ አልተረጋጋም ማለት ነው! ይሄንንም ጻፉልኝ።»

መምህሩ ሳቁን ሊያፍን ሞክሮ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። «ይቺን ልጅ ከአስተማሪነት የከለከለ በኔ ላይ ይምጣ!» አለና ውጤቱን እዚያው ጻፈ። የተመራቂዎች ስም ከመዘጋቱ በፊት ውጤቱ መዝገብ ቤት ደረሰ። የእትዬ ምስሉ እህት ተቀብላ አስገባችው፤ ማኅተሙን ደግሞ ሁለቴ አጣርታ መታችው።

የእትዬ ምስሉ ቅጣት ግን አልቀረም። ኃላፊው ሳምንቱን ሙሉ አስቦ፣ በመግለጫው ሳጥን ሥር ሌላ ሳጥን ጨመረላት፤ «የገላጯ አስተያየት» ይላል። የላይኛው ሁለት ዓረፍተ ነገር ብቻ ይይዛል። የታችኛውን የፈለገ ይሰማዋል፤ ያልፈለገ አንድ ቁልፍ ተጭኖ ያልፈዋል። እሷም ከዚያ ወዲህ ከመጻፏ በፊት ወረቀቱን ሁሉ ወደ ብርሃን እያነሳች፣ እያገላበጠች፣ እድፍ ካለበት እያሸተተች ነበር የምትጀምረው። ቁልፉን የተጫነ ተማሪ ግን አልተገኘም። እንዲያውም ጥቂቶቹ የላይኛውን አልፈው በቀጥታ ወደ ታችኛው እንደሚሄዱ ታወቀ። ኃላፊው ራሱ ከሥራ መውጫ ሰዓት በፊት ጆሮ ማዳመጫውን አድርጎ ብቻውን ሲስቅ ተይዟል። ምን እየሰማህ ነው ሲባል «ጥራት እየተቆጣጠርኩ ነው» አለ።

ሚኒስትሯ ተመረቀች። ትምህርት ቤቱም ቃሉን አላጠፈም፤ ግን የቅጥር ወረቀቷ ከቅጥር ቢሮው ማኅተም ያስፈልገው ነበር። በዚያ ቢሮ ተገልጋዩ ቁጥር ቆርጦ ይቀመጣል፤ ተራው ሲደርስ ቁጥሩ ግድግዳ ላይ ባለው ስክሪን ይወጣል። ስክሪኑ ድምፅ የለውም። ሚኒስትሯ ብቻዋን ሁለት ጊዜ ሄዳ ሁለቴም ተራዋ አልፏታል። ሐምሌ 11 ቀን፣ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ለእትዬ ምስሉ ደወለች።

«እትዬ፣ ለአቤቱታው እኔ አለሁ፤ ዓይን ብቻ ነው ያነሰኝ» አለቻት።

እትዬ ምስሉ የጀመረችውን ዓረፍተ ነገር ሳትጨርስ ተነስታ ሄደች። ቢሮው ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። እትዬ ምስሉ ቁጥሩ በተቀየረ ቁጥር አነበበችላት። «አርባ ሦስት። ባለቤቱ እንቅልፍ ወስዶታል፤ ሚስቱ በክርኗ ጎሸመችው። አርባ አራት። ይሄኛው ሮጦ ሄደ፣ ወረቀቱን ግን ወንበሩ ላይ ረሳ። ተመለሰ። አርባ አምስት የለም። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ጥፍሯን እያየች ነው።»

«ምን ቀለም ተቀብታለች?»

«ቀይ። ግማሹ ተልጧል።»

ከፊታቸው የተቀመጡት ሰዎች ወደ ኋላ ዞረው መስማት ጀመሩ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ሃምሳ ሁለት ሲደርስ እኔንም ንገሪኝ፣ መነጽሬን ረስቼ ነው የመጣሁት» አሏት። እሺ አለቻቸው።

አርባ ስድስት ሲወጣ ተነሱ። ሚኒስትሯ መስኮቱ ላይ ደርሳ በትሯን አቆመችና ስክሪኑ ለምን እንደማይናገር አንድ በአንድ አስረዳች፤ ልጅቱም ለአለቃዋ እንደምትነግር ቃል ገባች። ማኅተሙ ተመታ። ቀለሙ ገና እርጥብ ስለነበር እትዬ ምስሉ ወረቀቱን በሁለት ጣቷ ይዛ እስኪደርቅ እፍ፣ እፍ አለችበት። ከዚያ አጥፋ ለሚኒስትሯ አቀበለቻት፣ ዞር ብላም ለሽማግሌው ገና ሃምሳ እንዳልደረሰ ነገረቻቸው።